ከአጥሩ ወዲህ

በላውዚትዝ ሜዳ፣ ከጀርመን ምሥራቅ ጫፍ፣
ከሰሉ ተለቅሞ፣ ውኃ የጎረሰ አፍ።
ማሽኑ ከሄደ ወዲህ፣ ፓምፑም ከቆመ፣
ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ላይ አዘገመ።
ሲያዩት ሰማያዊ፣ ያማረ፣ የጠራ፤
ዳክዬ አያርፍበት፣ ዓሣም አያፈራ፤
ሆምጣጤ ነው ውስጡ።

እኔ ዘበኛው ነኝ።
ቢጫ ሰደርያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጉጠት ሰጥተውኛል፤
ዓርብ የተቆረጠው ሽቦ ቅዳሜ ይሰፋል፤
እሑድ ደግሞ ዳግም ተቀዶ ያድራል።
ሰሌዳው በቀይ «መግባት ክልክል ነው» ይላል፤
ከሥሩም የተሣለ፣ የሚሰምጥ ሰውዬ እጁን ያነሣል።
ልጆቹ ለዚያ ሰው ባርኔጣ ሣሉለት፣
መነጽር ጨመሩለት፤
አሁን ሲያዩት ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል።

በሐምሌ ሙቀት ማን ያነባል ሰሌዳ?
ሸሚዝ ተወርውሮ ይቀራል ከሜዳ።
«ዋና እንችላለን» ይሉኛል፣ ደረት ነፍተው።
ውኃውስ ይዋኝ ነበር፤
እዚህ የሚዋኘው መሬቱ ነው።
አሸዋው ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤
ለመንቃት ከአንድ ሰው ኮቴ ሌላ አይሻም።
በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ነፋስ እንኳ ሳይነፍስ፣
አርባ ሜትር ዳርቻ ከነዛፉ እንደ ገንፎ ሲፈስ፣
የሰማሁት ድምፅ ትንሽ ነበር፦ «እህ»፣
አዛውንት ከወንበር ሲነሣ እንደሚለው።
ጠዋት ዛፎቹን መሐል ሐይቅ አየኋቸው፣ ቀጥ ብለው፣
አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤
ሜርቺን ዶማሽካ ይባላል፤ ሶርብ ነው ትውልዱ፣ ጀርመን ነው ወረቀቱ።
ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ያስደግፍና
በተቀደደው በኩል ይገባል፣ ጎንበስ ይልና።
አይዋኝም። ልብሱን አያወልቅም። እርምጃ ይቆጥራል፦
«እዚህ ዳቦ ቤቱ፣
እዚህ የሃንጃ ግቢ፣
እዚህ የእኛ ደጅ...» ሲል ድንገት ይቆማል።
ከዚያ ወዲያ ውኃ ነው፤ ጣቱ ግን ይቀጥላል።
ዶልኒክ የሚሉት መንደር ነበር አሉ፣
ቆፋሪው ማሽን ከነመቃብሩ የገለበጠው።

የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ አምስት ዩሮ ቀጣሁት፤
ደረሰኙን አጥፎ ቆቡ ውስጥ ሲከት አየሁት።
«ልጄ» አለኝ፣ «ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል፤ ልክ ነው።
እኔ ቤት የገባውን ማሽን ግን ስንት አስከፈላችሁት?»

መመሪያዬን አገላበጥኩ፤ መልሱ የለበትም።
በሁለተኛው ቀጣሁት፤ በሦስተኛው ደብተሬን አላወጣሁም።
አዘንኩለት፤ አሸዋው ግን አያዝንም፣
«ቤቱ ነበር» ብሎ እግር አይመርጥም።

ስለዚህ ተስማማን።
ሐሙስ ሐሙስ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ ከአጥሩ ወዲህ፣
ሁለት ባልዲ ገልብጠን እንቀመጣለን።
እሱ ያወራል፤ እኔ የዳርቻውን ካርታ ዘርግቼ
በእርሳስ እጽፋለሁ፦ ዳቦ ቤት፣ የሃንጃ ግቢ፣ የውኃ ጉድጓድ።
ጉድጓዱን መሐንዲሶቹ አያውቁትም ነበር፤
ልጆቹ ሌሊት የሚሾልኩባት ቀጭን መንገድ ላይ ነው።
ሄጄ ከለልኩት።
በሳምንቱ አፈሩ ገባ፤
የዋጠው አንድ ሰሌዳ ብቻ፣ ከነባርኔጣው ሰውዬ።

አለቃዬ ማታ ማታ መዝገብ ይሻል፣ አጭር፣ ከወሬ የጸዳ።
መዝገብ ግጥም አይደለም፤ ቤት ባይኖረው ማን ይጎዳ?
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ። ነፋስ የለም።
አንድ ሰው መጣ።
ከአጥሩ ወዲህ ቆመ።
ቤቱን አይቶ ተመለሰ።